የቦርከና ኮከብ ትክክለኛ ዕድሜ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ «የማን ልጅ ነህ?» መባባል ከቀረ ቆይቷል። አሁን የሚጠየቀው «የመጀመሪያ ጉንፋንህ የቱ ነው?» ነው። እሱም ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ ጠያቂው መልሱን ሳይሰማ ዓይኑን የእጅ አንጓው ላይ ጥሎ ባለ ቀለሙን አምባር አይቶ ጨርሷል። ቤት የሚያከራይ ሰው በሩ ላይ «ለሰማያዊ ብቻ» ብሎ ይለጥፋል። ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ስለ ልጅቷ ጠባይ ከመጠየቁ በፊት ስለ አምባሯ ቀለም ይጠይቃል። ሕፃን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ንፍጥ ሲይዘውና ሲያተኩሰው ጎረቤት ተጠራርቶ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል ይመጣል። እናትየው ግን እንግዶቹን ትታ፣ ንፍጡን በብልቃጥ ይዛ ወደ ጉንፋን ጽሕፈት ቤት መሮጥ አለባት፤ ካረፈደች ትቀጣለች።

ሰዓዳ ሙሔ በዚህ ከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት። ትኬት የሚባል ነገር ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ የሥራው ስም ግን አልጠፋም። ሥራዋ በር ላይ ቆሞ አንጓ ማየት ነው፦ ቀይ ከፊት፣ ሰማያዊ ከኋላ፣ አረንጓዴ መሐል። አምባራቸው የተለያየ ባልና ሚስት ሲሳፈሩ ባልን ወደ ፊት፣ ሚስትን ወደ ኋላ ትሰዳለች። የሚያጉረመርም ያጉረመርማል፣ የሚሳደብ ይሳደባል፤ እሷም መልስ አታጣም። «እኔ ነኝ እንዴ የወለድኩህ? ዘመንህን ያበላሹት እናትህ ናቸው» ትላለች፣ ሰውም ይስቃል፣ አውቶቡሱም ይሄዳል።

ነገሩ መነሻው እውነት ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። የሰው ሰውነት እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። መጀመሪያ ያየውን ሌባ መልክ አይረሳም። የዚያ ሌባ ወንድም ወይም የአጎቱ ልጅ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቢመጣ አፍንጫውን አይቶ ይለየዋል፣ በሩ ላይ አንቆ ያስቀረዋል። ከሌላ ዘር የሆነ ሌባ ሲመጣ ግን ያው ዘበኛ የድሮውን ሌባ ፍለጋ ጓሮ ለጓሮ ሲሮጥ ቤቱ በፊት በር ይዘረፋል። በልጅነትህ መጀመሪያ የያዘህ ጉንፋን፣ ስታረጅ በየትኛው እንደምትወድቅና ከየትኛው እንደምትተርፍ በከፊል ይወስናል። ይህን ሐኪሞች ያወቁት ድሮ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ «በከፊል» የምትለዋን አውጥቶ ጣለና የቀረውን አምባር አደረገው።

ደም መርምሮ እውነቱን የሚያወጣ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ግን በአውሮፕላን ለሚሄዱና ለትልልቅ ሰዎች ቤተሰብ ነው። ዛሬ የሚወለዱት በንፍጣቸው ይለያሉ፤ አዋቂውን የልደት ዘመኑ ይበቃዋል ተባለ። ከዶሮ ክረምት በፊት የተወለደ ቀይ ነው። ከዶሮ ክረምት በኋላ በነበሩት አሥራ አምስት ዓመታት የተወለደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሰማያዊ። የዶሮ ክረምት የሚሉት አንድ ጉንፋን ከዶሮ ወደ ሰው ገብቶ፣ በአገሩ ያለ ዶሮ ሁሉ በጆንያ እየታሰረ ጉድጓድ የተከተተበትን ክረምት ነው። ጉንፋኑ ከዚያ በኋላ ዓመታት ከርሟል። በልደት ዘመን ሰው መለየት፣ ያውም በዚህ አገር። አንዱ ዓረብ አገር ለመሄድ የጨመረበት፣ ሌላው ጡረታ ላለመውጣት የቀነሰበት፣ ሦስተኛው ጨርሶ የማያውቀው ዘመን። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች የራሳቸውን ዕድሜ ቆርጠው ሲያበቁ፣ መቁረጣቸውንም እያወቁ፣ ሕግ አደረጉት።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የዶሮ ክረምቱ ጉንፋን ዘመድ መጣ። አረንጓዴው ትንሽ አተኩሶት ተነሣ። ቀይና ሰማያዊው በየቤቱ ወደቀ። ጽሕፈት ቤቱ አንድ አሮጌ የፋብሪካ መጋዘን ማቆያ አደረገና፣ አረንጓዴ ካለበት ቤት ሁሉ አንድ አንድ አስታማሚ ይውጣ አለ።

እነ ሰዓዳ ቤት ሁለት አረንጓዴ ነበር፦ እሷና ወንድሟ ይማም። ይማም ማለት የከተማው አደባባይ መሐል በድንጋይ ተቀርጾ ዋንጫ የሚያነሣው ሰውዬ ነው። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት የቦርከና ኮከብ የታዳጊዎች ቡድን የአገሩን ዋንጫ ሲወስድ አምበሉ እሱ ነበር። አሁን ጎማ የሚለጥፍ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እህቱ ቤት የሚኖር፣ ልጅ ያልወለደ ጎልማሳ ነው። ታላቋ ነው። በወረቀት ግን ታናሿ ነው፤ ቡድኑ ከታዳጊ እንዲቆጠር አሠልጣኙ አምስት ዓመት ቆርጠውለት ነበርና። ይህ ቤት ውስጥ ቀልድ ነበር። ውኃ አምጣልኝ ብላው እምቢ ካለ «በወረቀት ታላቅህ ነኝ፣ ታዘዝ» ትለዋለች፤ እሱም እየሳቀ ይታዘዛል። ቀልድ ስለሆነ ማንም ቁም ነገር ብሎ አስቦት አያውቅም።

መልእክተኛው በሩን ሲያንኳኳ ሰዓዳ ልብሷን መሸከፍ ጀምራ ነበር። ይማም ሻንጣውን ከእጇ ነጠቃት።

«እኔ እያለሁ አንቺ ልትሄጂ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ምንም አይልህም። ደግሞ አንተ መቼ ሰው አስታመህ ታውቃለህ? ሽንኩርት መላጥ እንኳ አትችልም።»

«ሽንኩርት ላጭ አይደለም የተጠራው። ቁጭ በይ አንቺ።»

በሩ ላይ ቆም ብሎ አንድ ነገር ሊናገር ከጀለና ተወው። «በይ ደህና ሁኚ» ብሎ ሄደ። የቡድኑ ጓደኞቹም እንደሱ ሄዱ። ሚስቶቻቸው አረንጓዴ፣ እህቶቻቸው አረንጓዴ ሆነው ሳለ፣ «እኔ እያለሁ እሷ?» እያለ ሁሉም ሻንጣውን ነጥቆ ወጣ። ከተማው አደባባዩ ላይ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ሰዓዳም አጨብጭባለች።

ሐምሌ ሲገባ ተፈራ ሞተ። ተፈራ የቡድኑ የግራ ክንፍ ነበር። በየአውቶቡሱ ድምፅ ማጉያ «አስታማሚ ተፈራ ቀድሞ በነበረበት ሕመም ምክንያት» ተባለ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ልቡ ይሆናል፤ አረንጓዴ በዚህ ጉንፋን አይሞትም» አሉ።

«ተፈራ ማለት ያ ባለ ጢሙ ታዳጊ አይደል?» አለ አንዱ ከኋላ። «ዋንጫውን ሲያነሡ የበኩር ልጁ ድክ ድክ ይል ነበር እኮ።»

አውቶቡሱ ሳቀ። ሰዓዳም ልትስቅ ስትል እናቷ፣ አላህ ይማራትና፣ ደጋግማ የምታወራው ነገር ትዝ አላት። ወታደሮቹ መጥተው ዶሮዎቿን በጆንያ ሲከቱባት ይማም ጀርባዋ ላይ ታዝሎ «ዶዬን፣ ዶዬን» እያለ ያለቅስ ነበር። ታዝሎ፤ ያውም አፉን ፈትቶ። እሷ ራሷ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ይማምን መጀመሪያ የያዘው ጉንፋን ከዶሮ ክረምቱ በፊት የነበረው ነው፤ የሱ ዘበኛ የሚያውቀው ሌባ ሌላ ነው። ወንድሟ ቀይ ነው። ዕድሜው አብሮ የተቆረጠለት የቡድኑ ሰው ሁሉ ቀይ ነው። ቀይ ሆነው፣ «አረንጓዴ ምን ይሆናል» ተብለው፣ አፋቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ የበሽተኛ አክታ እየጠረጉ ነው።

«አቁም» አለችው ሹፌሩን።

«እዚህ ፌርማታ የለም።»

«አቁም ነው የምልህ። አምባሩን አንተ እይላቸው።»

ጋሽ መሸሻ፣ የቡድኑ አሠልጣኝ የነበሩት፣ ስታዲየሙ አጠገብ ከተማው በሠራላቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ሰማንያ አልፏቸዋል። ቀይ ስለሆኑ ከሰኔ ወዲህ ደጅ አልወጡም፤ እንግዳ የሚያናግሩት በመስኮት ነው። ሰዓዳ ሰላምታውን አሳጠረችው።

«ጋሽ መሸሻ፣ የልጆቹን ትክክለኛ ዕድሜ ለጽሕፈት ቤቱ ይንገሩልኝ።»

«የምን ዕድሜ?»

«የቆረጡትን።»

ሽማግሌው የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አድርገው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ «ሁሉም ያደርገው ነበር» አሉ። «ለዋንጫ የገጠምነው ቡድን በረኛ የሁለት ልጆች አባት ነበር። እኔ ብቻ እውነት ብናገር ኖሮ እነዚህ ልጆች ሜዳ አይረግጡም። ሥራ ያገኙበት፣ ቤት የተሰጣቸው በዚያ ዋንጫ ነው።»

«እሱን ማን ጠየቀዎት? ያኔ አደረጉት፣ ደግ አደረጉ። እኔ የምልዎት አሁን እየሞቱ ነው ነው።»

«ዋንጫው ይነጠቃል፣ ልጄ።»

«ይነጠቃ። ወስደው ያቅልጡት።»

«አንቺ አይገባሽም። ይማም ግን ገብቶታል።» ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። «ከመግባቱ በፊት እዚሁ አንቺ የቆምሽበት ቆሞ ነበር። ‹ጋሼ፣ ብናገር ምን ይመስልዎታል?› አለኝ።»

ሰዓዳ የመስኮቱን ብረት ያዘች። «ምን አሉት?»

«አንተ አምበል ነህ፣ አንተ ከተናገርክ የሁሉም ይወጣል አልኩት። ደግሞ አንተ ከቀረህ እህትህ ናት የምትገባው አልኩት። እውነት አይደለም?»

«እኔ ብገባ ትንሽ አተኩሶኝ እነሣ ነበር። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፣ እሱም ያውቃል።»

«ሴት ልጅ እዚያ ገብታ…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

«አላህ ይይልዎት» አለች ሰዓዳ። ከዚያ የባሰ ብዙ ነገር አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ሽማግሌ ናቸውና ዋጠችው። መንገዱን ስትጀምር ግን እንባ አልመጣላትም፣ ንዴት ብቻ ነው የመጣላት። በጽሕፈት ቤቱ ተናደደች። በሽማግሌው ተናደደች። ከሁሉም የበለጠ በይማም ተናደደች። ይህ ሰው ሞቱን እያወቀ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ስለ ሽንኩርት እየቀለደ ከቤቷ ወጣ። እሷ ደግሞ ለዚህ ነው አደባባይ ወጥታ ያጨበጨበችው።

የማቆያው በር ላይ ዘመድ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ሽቦ አጥሩን ይዞ ቆሟል። ቀኑ ለምሳ ሰዓት የተቃረበ ነበርና አስታማሚዎቹ ምግብ ሊቀበሉ በወዲያኛው በኩል ተሰልፈዋል። ይማም ከፊት ነበር። ከስቷል፤ ሲያያት ግን ሳቀ።

«ሥራ ጥለሽ ነው የመጣሽው?»

«ጋሽ መሸሻ ጋ ነበርኩ።»

ሳቁ ጠፋ። ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሂጂ ወደ ቤትሽ። ነገሩን አታውጪው። ተፈራ እንኳ በክብር ነው የተቀበረው።»

«አንተ እብድ ነህ እንዴ? ያምሃል?»

«አያመኝም። እስካሁን ምንም አልሆንኩም። አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ።»

ሰዓዳ ጥላው ወደ ኃላፊው መስኮት ሄደች። የማቆያው ኃላፊ ደምሰው ይባላል። ከወፍራም መስታወት ጀርባ ተቀምጦ፣ ጸጉሩ በቀለም ጠቁሮ፣ አንጓው ላይ አረንጓዴ አምባር ያሰረ ሰው ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ አይጮህም። ሰዓዳ ሁሉንም ነገረችው። የወንድሟን ዕድሜ፣ የቡድኑን ዕድሜ፣ ዶሮዎቹን፣ እናቷን። አላቋረጣትም።

«እህቴ፣ ወንድምሽን በሐሰተኛ ሰነድ እየከሰስሽው መሆኑን ታውቂያለሽ?» አለ ስትጨርስ።

«አዎ፣ እየከሰስኩት ነው። እሰሩት። ከዚህ አውጡትና እሰሩት።»

«ይህ እኮ የወንድምሽ ብቻ አይደለም። እዚህ ውስጥ ስንቱ ዕድሜውን የቆረጠ ይመስልሻል? በሩን ለዚህ ብከፍት ማን ይቀራል? በሽተኛውን ማን ያገላብጠዋል?»

«ደማቸውን መርምሩዋ።»

«መሣሪያው እኛ ጋ እንደሌለ ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ይሙቱ ነው የሚሉት?»

«እኔ ቁጥር ነው የማውቀው። ቁጥሩ እንዳይጎድል ነው የተቀመጥኩት። አንቺ አረንጓዴ ነሽ፤ በወንድምሽ ፈንታ እገባለሁ ካልሽ ግቢ፣ እሱ ይወጣል። አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ማንም ይግባ ማንም ይውጣ ግድ የለኝም፤ የዕድሜውን ወሬ ግን እዚህ በር ላይ እንዳልሰማ።»

ሰዓዳ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ እንደገና አናደዳት። ቢሆንም ስሟን አስመዘገበች፣ ብረት በሩ ተከፈተላትና ገባች። ውስጡ ሙቀትና የመድኃኒት ሽታ ነው፤ ሰው በሁለት ረድፍ ተኝቶ ያቃስታል። ይማም ሮጦ መጣ።

«ምን አደረግሽ?»

«ውጣ። ቦታህ ላይ እኔ ነኝ።»

ይማም አላመነም መጀመሪያ። ከዚያ ሲገባው ዞር አለና ግድግዳው ሥር የተቀመጠውን የቡድኑን በረኛ ኑርዬን ጠራው። የኑርዬ ሚስት ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቤት ያለችው ከአምስት ዓመት የልጅ ልጅ ጋር ነው። «ኑርዬ፣ ተነሥ። ተረኛ መጥቶልሃል፣ ውጣ» አለው።

ሰዓዳ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ለአንተ ነው የመጣሁት እኮ። ለአንተ።»

«አምበል ቀድሞ ከሜዳ አይወጣም።»

«የምን ሜዳ ነው? ሜዳ የት አለ እዚህ? ይህ ሰው አእምሮው ዋንጫው ላይ ቀርቷል።» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበርና በሽተኞቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ። ኑርዬ ግን ተነሥቷል። ዓይኑን ከሷ እያሸሸ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ለሷ በተከፈተው በር ወጣ። ምን ትበለው? ሚስቱን ታውቃታለች።

ይማምን ጎትታ ማስወጣት አትችልም። ግን ደምሰው አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል ብሏል፣ ያውም በራሱ አፍ። ወደ ሽቦው ሄደችና ምሳ ዕቃ ወደያዙት ሴቶች ተጣራች። የብዙዎቹን ስም ታውቃለች፤ በየቀኑ አውቶቡሷ ላይ ናቸው።

«ስሙኝ፤ ባሎቻችሁ አረንጓዴ አይደሉም። ስትጋቡ ስንት ዓመታቸው እንደነበር እናንተ ታውቃላችሁ። ቁጠሩት። እነሱ ቀይ ናቸው፣ እናንተ አረንጓዴ ናችሁ። አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል፤ ግቡና አውጧቸው።»

ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም፣ ሁሉም ግን ሲቆጥር ይታይ ነበር፤ ከንፈሮቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። የመሐል ተከላካዩ ሚስት ሉባባ ምሳ ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እኔን ሲያገባ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ አርቴፊሻል ጥርስ አስተክሎ ነበር» አለች። «ሕፃን ነው ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።» ወደ መስኮቱ ሄደችና ስሟን አስመዘገበች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከሰዓት በኋላ እህት ተጠርታ መጣች፣ የወንድም ሚስት መጣች። ከውስጥ ባሎች «አትግቢ፣ ምን ሆነሻል» ይላሉ፣ ከውጭ ሚስቶች «ዝም በል አንተ ሽማግሌ» ይላሉ። ደምሰው እየጻፈ ያስገባል፣ እየጻፈ ያስወጣል፤ ቁጥሩ አልጎደለበትም።

በማግስቱ ከቡድኑ ማቆያው ውስጥ የቀረው ይማም ብቻ ነበር።

ለሱ የሚገባ ሰው አልነበረም። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ያለችው እህት ገብታለች፤ እሷ ያስወጣችው ደግሞ ኑርዬን ነው። ሰዓዳ ሽቦው ላይ ቆማ ያወቀችውን ሁሉ ጠራች። የቡድኑ ወንዶች ሚስቶችና እህቶች ውስጥ ናቸው። በአደባባዩ የሚያልፈውን አረንጓዴ ሁሉ አስለመነች፤ ኑርዬ ራሱ በየሱቁ እየዞረ ለመነ። ሁሉም ሰው ይማምን ይወደዋል። ሁሉም ሰው ይማምን አንድ ቀን ልጅ ሳለ እንዳየው ያወራል። አንዱ ሱቁን የሚዘጋለት የለውም፣ ሌላው እናቱ እምቢ ብላዋለች፣ ሌላው እስቲ ነገ ይላል። ከተማው በድንጋዩ ይማም ዙሪያ እየተሽከረከረ ወደ ሥራው ሄደ፤ አንድም ሰው ለሥጋው ይማም አልመጣም። ሰዓዳ ይህን ከተማ እስክትሞት አትረሳለትም።

በሦስተኛው ቀን ይማምን አተኮሰው። መጀመሪያ ደበቃት፤ ባልዲ ሲያነሣ ተንገዳግዶ ነው ያወቀችው። አስተኛችው፣ አፏ ግን አላረፈም።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ አምበል። ሁሉንም ቀደምካቸው።»

«ሁሉም ወጡ አይደል?» አለ።

«ወጡ።»

«በቃ።»

«በቃ አትበለኝ። ለእኔ በቃ አይደለም። አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ፣ ያን ሻንጣ ከእጄ ባትነጥቀኝ ኖሮ፣ አሁን ቤት ተቀምጠህ ስለ እኔ ትጨነቅ ነበር። መጨነቅ የኔ ብቻ ሥራ ነው እንዴ?»

ይማም ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ፣ ሳቁም ሳል ሆነበት። ሰዓዳ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ዶክተር ያለው፣ ኦክስጅን ያለው ሆስፒታሉ ነው፤ ሆስፒታሉ የሚቀበለው ደግሞ ከማቆያው የወጣን ነው። አንድ ሰው ከገባ ይማም ይወጣል። ደምሰው መስታወቱ ጀርባ ተቀምጧል።

«አቶ ደምሰው፣ የሚገባ አንድ አረንጓዴ አግኝቻለሁ።»

«ጥሩ። የት አለ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ደምሰው ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔ ኃላፊ ነኝ።»

«አረንጓዴ ነዎት። ማንም ይግባ ማንም ይውጣ ግድ የለኝም ብለውኛል። ይግቡ፣ ወንድሜ ይውጣ። ቁጥሩ አይጎድልም።»

ምሳ ይዘው የተሰለፉት ሰዎች ወሬውን ሰምተው ተጠጉ። ከመሐላቸው ስንዱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ መስታወቱን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት። «አንተ ደምሰው፣ የታላቁ ልጄ የክፍል ጓደኛ አልነበርክም? እሱ ጡረታ ከወጣ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ደምሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሦስት ጊዜ ቆርጦታል፤ አንዴ ለትምህርት ዕድል፣ አንዴ ለሹመት፣ አንዴ ጡረታ ለማራዘም። በየጊዜው ሲቆርጥ ሳያስበው ከቀይ ወጥቶ አረንጓዴ ገብቷል። መስታወቱ ለምን ያን ያህል እንደወፈረ፣ ለምን አንድም ቀን በብረት በሩ እንዳላለፈ፣ ሁሉም ሰው አሁን እያየ ገባው።

«ግባ» አለች ሰዓዳ። አንቱታው ከአፏ ወድቋል። «ወንድሜ ገብቷል እኮ። እሱም በወረቀት እኩያህ ነው። ግባና እጁን ያዝ።»

«አልገባም» አለ ደምሰው። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «እኔ… ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀይ ነኝ። ብገባ እሞታለሁ።»

ሰዓዳ መስታወቱን በመዳፏ መታችው፣ አንዴ፣ ከዚያ ዞረች። ይማም ያንን ዓረፍተ ነገር ላለመናገር ሕይወቱን እየሰጠ ነበር፤ ይህ ሰውዬ ግን በአንድ ትንፋሽ ተናገረውና ዳነ።

ይማም ዓርብ ረፋድ ላይ ሞተ። ድምፅ ማጉያው ቀድሞ በነበረበት ሕመም ምክንያት አለ። ደምሰው እውነቱን በገዛ ፈቃዱ ስለተናገረ ቅጣቱ ተማረለትና በምስጋና ጡረታ ወጣ። ጽሕፈት ቤቱ የቡድኑን ወሬ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ዋንጫውን ማንም አልነጠቀም።

ሰዓዳ ማቆያው እስኪዘጋ ድረስ ከሴቶቹ ጋር አስታማ ወጣች። ትንሽ አተኩሷት ነበር፤ እንደተባለው ተነሣች። ቤቷ ከገባች በኋላ ደምሰው ሽማግሌዎች ላከባት። እንደ ወጉ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ከማጀቱ በር ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀመጡ፤ ጋሽ መሸሻም አብረው ነበሩ። የመጡበትን ጉዳይ አንደኛው አቀረበ። ሰው ይሳሳታል፣ ሰውዬው ተጸጽቷል፣ ለሟችም ዕረፍት እንዲሆን ይቅር በይው አሉ። ሰዓዳ ቁጭ ብላ ጨርሰው እስኪናገሩ ጠበቀች።

«እሺ» አለች። «መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ትክክለኛ ዕድሜዎን ይንገሩኝ። ከእርስዎ እንጀምር።»

የመጀመሪያው ሽማግሌ ወደ ሁለተኛው አዩ። ሁለተኛው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጋሽ መሸሻ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ሰዓዳ ጥያቄውን ለእያንዳንዳቸው በየተራ፣ በስማቸው እየጠራች ጠየቀች፤ አንዱም አልመለሰላትም። ተነሥታ በሩን ከፈተችላቸው።